የተጣበቁት ሁለት ገጾች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንድ ክፉ አመል አውጥቻለሁ። የድሮ ተማሪ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ቲቸር!» ብሎ ሲስመኝ፣ ደህንነቱን ከመጠየቄ በፊት የሚነበብ ነገር እፈልግለታለሁ። ባለፈው ሳምንት ከቀፊራ ገበያ ወደ ቤቴ ያደረሰኝ ባለባጃጅ ሦስተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ኖሯል። እሱ «ካንቺ ሂሳብ አልቀበልም» እያለ ሲግደረደር የእኔ ዓይን ከፊታችን የቆመው የጭነት መኪና ጀርባ ላይ ነው።

«እስቲ ያ ጽሑፍ ምን ይላል?» አልኩት።

«ቲቸር ደግሞ! ዓይንሽ ደከመ እንዴ?» አለና አነበበልኝ። ዓይኔስ ደህና ነው። እስከ መጨረሻው ቃል አንብቦ ሲጨርስ ግን ይዤው የነበረውን ትንፋሽ ለቀቅኩ።

እህቴ ይህን አመሌን ስታይ «አንቺ ሴትዮ፣ አርፈሽ ጡረታሽን ብትበይ ምናለበት!» ትላለች። እሷ ምን አለባት። እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የልጆች ስም እየጻፍኩ ከክፍል ወደ ክፍል ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ከነዚያ ውስጥ ስንቱ አንብቦ፣ ስንቱ በቃሉ ይዞ በእጄ እንዳለፈ አላውቅም።  ጭንቀቱ ከየት እንደጀመረኝ ግን አውቃለሁ፤ ከአንዲት ሂቦ ከምትባል ልጅ ነው። እሷ ጋ ከመድረሴ በፊት ግን ራሴ እንዴት ያለች አስተማሪ እንደነበርኩ ልናገር።

የተወለድኩት ድሬ፣ ለገሃሬ ሰፈር ነው፤ አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ተመርቄ የመጀመሪያ ምደባዬ ገጠር፣ ጀልዴሳ ሆነ። ልጆቹ ቤታቸው ኦሮምኛና ሶማልኛ ይናገራሉ፤ አማርኛን በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ከእኔ ብቻ ነው የሚሰሙት። ደሞዙን እንተወው፣ ግማሹ እሱኑ ለመቀበል ስመላለስ መንገድ ላይ ያልቅ ነበር። ክፍሌ ግን ያኮራኝ ነበር። እኔ አንድ መስመር እላለሁ፣ ልጆቹ አንድ ላይ ተቀብለው ያስተጋባሉ፤ ግመል እየነዳ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቆሞ ያዳምጠናል። ጎበዝ አስተማሪ ማለት ክፍሉ ከሩቅ የሚሰማ ነው ብዬ አምን ነበር።

ይህን እምነቴን ያፈረሰው መምህር ሙሜ ነው። መልካ ጀብዱ ትምህርት ቤት ስዛወር እዚያ ሃያ ዓመት ያስተማረ፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የግራ እጅጌው በጠመኔ የነጣ ሰው ነበር፤ ሰሌዳ የሚያጠፋው በእጅጌው ነውና። መጀመሪያ «እርስዎ» ስለው «አቦ፣ እኔን ከማን ጋ ነው የምትደምሪኝ?» ብሎ ተቆጣኝ። ድሬ አካባቢ አንቱታ ብዙ አይበረክትም። በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ልጆቼ ሲያስተጋቡ ሰምቶ ገባና አንዱ ልጅ ጎን ተቀመጠ። መዳፉን የልጁ መጽሐፍ ላይ፣ ሥዕሉን ሸፍኖ አስቀመጠ። ከዚያ ገጹን ከላይ ሳይሆን ከመሃል አስጀመረው። ልጁ ዝም አለ። አጠገቡ ያለችውን ጠየቃት፤ እሷም ዝም። ሦስተኛውም።

«ጆሯቸው ጨርሷል» አለኝ ወደ ውጭ ስንወጣ። «ዓይናቸው ግን ገና አልጀመረም።»

የእሱ ዘዴ ቀላል ነበር። ጠዋት ጠዋት ሰሌዳው ላይ የትም መጽሐፍ ውስጥ የሌለ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። «የከድር ፍየል ትናንት የጎረቤት ነጠላ በላች» ይላል ለምሳሌ። ድምፅ አያወጣም፣ አያስነብብም፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ልጆቹ ዛሬ የተወራው ስለ ማን እንደሆነ ለማወቅ ሰሌዳው ላይ ያፈጣሉ። ቀድሞ የሳቀው ልጅ አንብቧል ማለት ነው። አንድ ልጅ ቃል ላይ ሲቆም ደግሞ አይረዳውም። እኔ አፌ እየበላኝ ልነግረው ስል «ተይው፣ መንገድ ላይ ነው» ይለኛል። ያ ዝምታ ለእኔ ሥቃይ ነበር። አሁንም ነው።

ከእሱ ጋር አራት ዓመት ሠርቼ ከተማ ተዛወርኩ። አዲሱ ትምህርት ቤት ውስጥ ዳይሬክተራችን ተጨማሪ የንባብ መጻሕፍቱን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፎባቸው ነበር፤ ልጅ ከነካው ያልቃል ባይ ነው። ቁልፉን ከእጁ ለማውጣት አንድ ሙሉ ሴሚስተር ፈጀብኝ። ክፍሌ ጥግ ላይ ገመድ ወጥሬ መጻሕፍቱን እንደ ልብስ አሰጣኋቸው። ስሜ ተነሳ። «የንባብ መምህርቷ» ተባልኩ። ስሜ በተነሳ ቁጥር ደግሞ የመምህር ሙሜን ዘዴ እየተውኩት ሄድኩ። ምክንያቱም እሱ ጊዜ ይወስዳል፤ እንግዳ ሲመጣም አያምርም። ከመቶ ዝም ብለው ሰሌዳ ከሚያዩ ልጆች አንዲት እንደ ወፍ የምትንቆረቆር ልጅ ለእንግዳ ትሻላለች።

ሂቦ እንደዚያ ነበረች። አራተኛ ክፍል ስትደርስ በእጄ ገባች። ሶማልኛው የእናቷ ቋንቋ ነው፤ ኦሮምኛውን ከጎረቤት፣ አማርኛውን ከመንገድ ለቅማው እንደ ትልቅ ሰው ትናገራለች። ስታነብ ድምጿ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ጥያቄ ላይ ቅንድቧ ሳይቀር ይነሳል። እናቷ ሳፊያ ቀፊራ ሽቲ፣ ያን ስስ የሴት ልብስ ጨርቅ፣ ትሸጣለች፤ ብቻዋን ነው ያሳደገቻት። ዓመት በመጣ ቁጥር የንባብ ቀን እናዘጋጃለን፣ ወላጆችና ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘሮች ይመጣሉ። የዚያን ዓመት አንባቢዬ ማን እንደምትሆን ገና መስከረም ላይ ወስኜ ነበር።

ቀኑ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለብቻዋ አስነበብኳት። መጽሐፏ ላይ ማንጎ ፈሶበት ሁለት ገጾች ተጣብቀዋል። ሂቦ ስትገልጥ ሁለቱን አንድ ላይ ገለጠቻቸው፤ አላወቀችም። እያነበበች ቀጠለች። እያነበበች ያለችው ግን የተጣበቁትን፣ ከውስጥ ያሉትን ገጾች ነው። ዓይኗ ሌላ ጽሑፍ ላይ ነው፣ አፏ የተደበቀውን አንድ ቃል ሳትስት ይወርዳል። ቅንድቧም በቦታው ተነሳ።

አየሁ። እዚህ ላይ ራሴን አልሸነግልም፣ አይቻለሁ።  አራት ዓመት ሙሉ ይቺ ልጅ ከጎኗ የተቀመጠችው ልጅ አንዴ ስታነብ እየሰማች በቃሏ ስትይዝ ኖራለች ማለት ነው። ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጎበዝ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አላውቅም። ምሳ አልበላ አለኝ። የተያዘላትን ታሪክ ብቻ ታነባለች፣ ማን ያውቃል፣ ከዚያ በኋላ ቀስ ብዬ አስተምራታለሁ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ቀኑ ደረሰ። ሳፊያ ሱቋን ዘግታ፣ አዲስ ሽቲ ለብሳ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሂቦ አነበበች፤ ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አለቀ ብዬ መተንፈስ ስጀምር አንዷ ሱፐርቫይዘር፣ ደግ ሴት ናት፣ ክፋት አልነበራትም፣ ለዕለቱ ከክፍሌ አውጥቼ ግቢው ውስጥ ከወጠርኩት ገመድ ላይ አዲስ መጽሐፍ አንስታ «እስቲ ይህንንም አንብቢልን» አለቻት።

ሂቦ መጽሐፉን ገለጠች። ሥዕሉን አየች። ከዚያም ያንን የሚያምር ድምጿን ከፍ አድርጋ ታሪክ ፈጠረች። ጅብና አንድ ነጋዴ ሴት ያሉበት፣ የሚያስቅ ነገር ያለው፣ ወላጆች የወደዱት ታሪክ። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ንብ ነበር። ሱፐርቫይዘሯ ጠጋ ብላ ጣቷን ገጹ ላይ አደረገች።

«ይቺ ቃል ምን ትላለች፣ የኔ ቆንጆ?»

ሂቦ ሥዕሉን ደግማ አየች። ከኋላ አንድ ልጅ «አታውቅም!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ ተከተለ። ሱፐርቫይዘሯ ዞራ አየችኝ። እኔ ምን አልኩ? «በልምምድ ጊዜ ታነብ ነበር። ዛሬ ምን እንደነካት እኔ አላውቅም» አልኩ፤ ጮክ ብዬ፣ እናቷ እየሰማች። ሂቦ መጽሐፉን ወንበሩ ላይ በቀስታ አስቀመጠችና ከግቢው ወጣች። በሥራ ዘመኔ ስንት ስሕተት ሠርቻለሁ፤ የሚያንገበግበኝ ግን ያ ዓረፍተ ነገር ነው።

ሰኞ ሳፊያ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«አራት ዓመት!» አለች። «ወላሂ እኔ ትምህርት ልኬያት መስሎኝ ነበር። ለካ ወንበር ላይ ልትቀመጥ ነው የላክኳት። ደብተሯን በየቀኑ አያለሁ እኮ! ሱቅ ትግባ፣ እዛ ቢያንስ ጨርቅ መለካት ትማራለች።»

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ፣ ሳፊያ። ትችላለች።»

«እስከ መቼ?»

ጥያቄዋን እሷው መለሰችው። «ረመዳን ሲገባ ለዒድ ገዢ ይበዛል፣ ያኔ ሰው ያስፈልገኛል። እስከ ረመዳን። ካላነበበች ይዣት እሄዳለሁ፣ አበቃ።»

የቀረኝ ሰባት ሳምንት አልሞላም። በዚያው ቀን ከሰዓት ገንደ ቆሬ ሰፈር ወዳለው የመምህር ሙሜ ቤት ሄድኩ። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ጫቱን ዘርግቶ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሏል። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሁሉንም ማለቴ፣ ከገጾቹ በስተቀር።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለኝ።

«በንባቡ ቀን።»

«አቦ ተይ!» አለና ዝም ብሎ ጠበቀኝ። ዝምታውን ታውቁታላችሁ። ስለ ገጾቹ ነገርኩት።

«ልጅቷ ማንንም አላታለለችም» አለ። «ድምፅ ጠየቅሻት፣ ድምፅ ሰጠችሽ። አሁን ሌላ ነገር ጠይቂያት። እናትየዋስ፣ ያየሽውን ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እሱን እኔ አላስተምርሽም» አለኝና ወደ ጫቱ ዞረ።

ሂቦን ለመመለስ ራሱ ሦስት ቀን ወሰደብኝ። ጠዋት ተማሪ ሳይገባ፣ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አንድ ሰዓት ያህል እንቀመጣለን። የመጀመሪያው ቀን አስደነገጠኝ። የፊደል ገበታው ላይ «ቶ»ን አሳዪኝ ስላት ከላይ ከ«ሀ» ጀምራ በዜማ እየወረደች «ቶ» ላይ ትደርሳለች። ነጥዬ ካርቶን ላይ ስጽፍላት አታውቃትም። ለእሷ ፊደል አንድ ረጅም ዘፈን ነበር፤ ዘፈኑ ከመሃል አይጀመርም። ከብስኩት ካርቶን ፊደሎቹን ቆራርጬ በዘበራረቅኋቸው ቁጥር ተናደደች። «ቲቸር፣ አንቺ ነሽ የምታበላሺው! በተራ ስትሆን አውቃታለሁ!» ትላለች። ሁለት ጊዜ ካርቶኑን በትናብኝ ሄዳለች። እኔ እለቅማለሁ፣ እሷ ዛፉን ዞራ ትመለሳለች።

በሁለተኛው ሳምንት ዘፈኑ ተሰበረ። በሦስተኛው ቃላት ጀመርን። ግን እንዴት ቀርፋፋ ነበረች! ያ ሁሉ ድምፅ የት ገባ? እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ እየተንተባተበች፣ አንድ ቃል ላይ ላብ እስኪያጠምቃት ትቆማለች። እኔም አብሬያት ያልበኛል። ጠዋት ስገባ ዘበኛችንን «ረመዳን መቼ ነው የሚገባው? ጨረቃዋ አንድ ቀን አትቀድምም?» እያልኩ አስቸግረዋለሁ። «ቲቸር፣ ዘንድሮ ልትጾሚ አሰብሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። አልሳቅኩም። ቀን እየቆጠርኩ ነበር።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ነው፤ ትንሿ ሰሌዳ ላይ «ቲቸር ዛሬ በቤት ጫማ መጣች» ብዬ ጻፍኩ። እውነቴን ነበር፤ ከጭንቀት የተነሳ ጠዋት ሸበጤን እንዳደረግኩ ወጥቻለሁ። ድምፅ አላወጣሁም። ሂቦ አየች፣ ቆየች፣ ቆየች። ከዚያ አፏን ሳትከፍት ዓይኗ ወደ እግሬ ወረደ፤ ሳቋ መጣ። ንባቡ ከሳቁ በኋላ ነው የተከተለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ ከአፏ ቀደመ። አቅፌ ልስማት ፈለግኩ፤ ያቺ ኩሩ ልጅ ግን «ሂጂ ቀይሪያ!» አለችኝ።

ረመዳን ሰኞ ሊገባ ዓርብ ዕለት ሳፊያ መጣች። ትምህርት አልቆ ተማሪው ወጥቷል፣ ክፍል ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነን። እኔ የሚነበበውን መጽሐፍ መርጬ ይዣለሁ፤ ቀላሉን። ሳፊያ በእጇ መለሰችው።

«መጽሐፍ አልፈልግም። ይህን ወረቀት ሲነበብ ሰምታ አታውቅም» አለችና ከቦርሳዋ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ለሂቦ ሰጠቻት።

ከሩቅ አየሁት፤ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ፊደሎቹ የተያያዙ፣ ዘመም ያሉ ናቸው።  ሂቦ እስከዚያ ቀን ያነበበችው የእኔን የእጅ ጽሑፍና የመጽሐፍ ኅትመት ብቻ ነው። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት ጀመረች።

«ሂቦ… ልጄ» አለች። ጣቷ ከቃል ወደ ቃል ይሄዳል። ድምጿ ደረቅ ነው፣ አያምርም። «ይህን… የ-ጻ-ፈው… ልብስ ሰፊው ነው። የ-ተ-ናገርኩት… እኔ ነኝ።»

ሳፊያ ከንፈሯን አብራ ታንቀሳቅሳለች። ያስጻፈችውን በቃሏ ይዛዋለች።

«እኔ…» አለች ሂቦ። ቆመች።

ጠበቅኩ። ጣቷ እዚያው ቃል ላይ ነው። ከንፈሯ አይንቀሳቀስም። ሰባቱ ሳምንታት አለቁ ብዬ አሰብኩ፤ እዚህ ላይ ቀረች፣ ሰኞ ጨርቅ ስትለካ አያታለሁ። ጠጋ ብዬ ቃሉን ልነግራት አንገቴን ስሰግግ ሳፊያ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተያት» አለችኝ። ለሂቦ ደግሞ «ቀጥዪ፣ ሆዮ፣ የኔ እናት። ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በዪው» አለቻት።

ያኔ ነው የሂቦን ፊት ያየሁት። ቃሉ ጠፍቷት አልነበረም። አንብባው ነው የቆመችው።

«እኔ… ማንበብ… አልችልም» አለች ሂቦ፤ እናቷን እያየች። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመለሰች። «ደብተርሽን… በየቀኑ የማየው… ቀዩን ነው። መምህርቷ በቀይ… ብዙ ስትጽፍ… ጎበዝ የሆንሽ… ይመስለኝ ነበር። የንባቡ ቀን… ልብስ ሰፊውን… ጠየቅኩት። ቀይ ስሕተት ነው… አለኝ። የተቆጣሁት… ባንቺ አይደለም። በራሴ… አፍሬ ነው። ይህን… እስከ መጨረሻ… ካነበብሽ፣ ሱቅ… አትገቢም።»

ሂቦ ወረቀቱን አገላብጣ ጀርባውን አየች፤ ሌላ የለም። ሳፊያ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ደስታ ነው መሰለኝ፣ ኀፍረትም አለበት። ያ ሁሉ ቀይ የእኔ እስክሪብቶ ነው። በየቀኑ የሂቦን ደብተር እያረምኩ፣ እዚያው ስሕተቱ ላይ ምልክት እያደረግኩ፣ ልጅቷ ማንበብ እንደማትችል ደብተሯ ሲነግረኝ እኔ ድምጿን ሳዳምጥ ኖሬአለሁ።  እናትና ልጅ ተቃቅፈው ቢወጡልኝ ኖሮ ነገሩ በሰላም አልቆ፣ ማንም ሳያውቅብኝ በቀረ ነበር። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን አላስቻለኝም።

«ሳፊያ፣ እኔም የምነግርሽ አለኝ» አልኳት። «ከንባቡ ቀን ሦስት ሳምንት በፊት አውቄ ነበር። ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገልጣ፣ የተደበቀውን በቃሏ ስትወርደው አየኋት።»

«አየሽ?»

«አየሁ።»

«ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ። በዚያ ላይ ሰው ፊት እሷ ላይ አሳበብኩ።»

 ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሳፊያ ዞረችና ለሂቦ በሶማልኛ ፈጠን አድርጋ የሆነ ነገር ነግራት ወጣች። ሂቦ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ እየከተተች ቀረት አለች።

«ምን አለችሽ?» አልኳት።

«ሰኞ ትምህርት ቤት ሂጂ አለችኝ» አለች ሂቦ። «ከይቺ ሴትዮ ላይ ግን ዓይንሽን እንዳትነቅዪ አለችኝ።»

እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ዓይኗን ከላዬ አልነቀለችም።